ከውሃ በታች ያለ ቅርስ ባለበት እንዴት ይጠበቃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በባሕርና በሐይቅ ሥር ስላሉ ቅርሶች ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ልጆቼን ይዤ የቫሳን መርከብ አይቻለሁ። ከ300 ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ የቆየ መርከብ ከነቅርጻ ቅርጹ ቆሟል። ይህን ማድረግ ከተቻለ ሌሎቹን የሰጠሙ መርከቦች እዚያው መተው ቸልተኝነት አይሆንም?

መልስ፦ ያዩት መርከብ በእርግጥም ድንቅ ነው። ግን ከጀርባው ያለውን ሥራ አብረን እንይ። ቫሳ የሰጠመው በ1628 ሲሆን የወጣው በ1961 ነው። ለዘመናት ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ውስጡ በባክቴሪያ ተበልቷል፤ ቅርጹን ይዞ የቆየው የተበላውን ቦታ ውሃ ስለሞላለት ነው። ዝም ብሎ ቢደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውሃውን ቀስ በቀስ የሚተካ ፖሊኢታይሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ኬሚካል ለ17 ዓመት ተረጨበት፤ ከዚያም ለማድረቅ ሌላ 9 ዓመት ገደማ ወሰደ።

በዚህም አላበቃም። ዝናባማ በነበረው የ2000 የአውሮፓ በጋ እንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት ብቅ አለ። በተበከለው የወደብ ውሃ ውስጥ ሳለ እንጨቱ ድኝ መጥጦ ነበር፤ አየር ሲያገኝ፣ የዛጉት ብረቶችም ሲያግዙት፣ ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ መለወጥ ጀመረ። በመርከቡ ውስጥ የተፈጠረው አሲድ 2 ቶን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። የአየር ማስተካከያው በአዲስ ተተካ፤ ከ5,000 በላይ የብረት ብሎኖች ከ2011 እስከ 2018 ድረስ አንድ በአንድ እየወጡ በማይዝግ ብረት ተለወጡ። አንድ ትልቅ የእንጨት መርከብ ያወጣ አገር ማብቂያ የሌለው ወጪ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስዊድን ትችለዋለች፤ ያውም ለአንድ መርከብ።

ሌላም ምክንያት አለ። ቫሳን ያቆየው ባሕሩ ራሱ ነው። የስቶክሆልም አካባቢ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት በሊታው የመርከብ ትል አይኖርበትም። በ2018 ይፋ በሆነ ግኝትም በጥቁር ባሕር ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ የተሠራ የግሪክ መርከብ ምሰሶው ሳይወድቅ ተገኝቷል፤ እዚያ ደግሞ ኦክስጅን የለም። በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ማከማቻ ልንሠራለት አንችልም።

የዩኔስኮ የ2001 ስምምነትም ቅርሱን ባለበት መጠበቅ በቅድሚያ መታየት ያለበት አማራጭ ነው ይላል። ብቸኛው አማራጭ ነው አላለም። ወደብ ሊቆፈር ከሆነ፣ ወይም አሸዋው እየተጠረገ ማቆም ካልተቻለ፣ ማውጣት ግድ ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር በጥብቅ መያዝ አለበት፦ ባለበት መጠበቅ ማለት መተው ማለት አይደለም። የሚሸፍነው፣ የሚለካውና በየጊዜው ተመልሶ የሚያየው ሰው የሌለው ቅርስ እየጠፋ ያለ ቅርስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መጻሕፍቱ «ቅርሱን ከኦክስጅን መለየት» ብለው ያልፉታል። በተግባር ምን ይደረጋል? ስንት አሸዋ? ምን ዓይነት መረብ?

መልስ፦ ከአሸዋውና ከመረቡ በፊት መለኪያው ይቀድማል። የውሃው ጨዋማነት፣ ሙቀት፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅንና የፍሰቱ ፍጥነት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይመዘገባሉ፤ አንድ ወቅት ብቻ መለካት ያሳስታል። ጎን ለጎን አዲስ የጥድና የኦክ ቁራጮች ይቀመጣሉ፦ አንዳንዱ ከወለሉ ከፍ ብሎ በነጻው ውሃ፣ አንዳንዱ ወለሉ ላይ፣ ሌላው 25 እና 50 ሳንቲሜትር ተቀብሮ። በ3፣ በ6ና በ12 ወር እየወጡ በራጅ ይታያሉ። ራጅ የሚያስፈልገው የመርከብ ትሉ ከላይ ስለማይታይ ነው። እጭ ሳለ የሚገባበት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም፤ ውስጥ ገብቶ እያደገ ሲሄድ ግን እንጨቱ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ፣ ከውጭ ደህና መስሎ፣ ሲነኩት ይፈርሳል።

ይህ ቴሬዶ የሚባለው ከዛጎል ለባሾች ወገን የሆነ እንስሳ በሊትር ከ8 ግራም ገደማ በታች ጨው ባለበት ውሃ አይራባም። የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም፣ ቀይ ባሕር ደግሞ 40 ግራም ገደማ ጨው ስላለው በሁለቱም ይመቸዋል። በሞቃት ባሕር ያልተቀበረ ሳንቃ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ስንት አሸዋ ላሉት፦ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር። ደቃቅ በሆነ ደለል ውስጥ ኦክስጅን የሚያልቀው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳንቲሜትሮች በታች ነው። የቀረው ውፍረት የሚያስፈልገው አሸዋ በማዕበል ስለሚጠረግ፣ ሸርጣንና ሌሎች እንስሳትም ስለሚቆፍሩ ነው። ሻካራ አሸዋ ከሆነ ውሃ በውስጡ ስለሚዘዋወር ከዚያም በላይ ይጨመራል። ሙሉ በሙሉ ተቀብሮም ቢሆን ኦክስጅን እምብዛም የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች የእንጨቱን ገጽ ይበላሉ። ፍጥነታቸው ግን በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የምንገዛው ጊዜ ይህ ነው።

አሸዋ በፍሰት የሚጓጓዝበት ባሕር ከሆነ አሸዋ ጭኖ መሄድ አያስፈልግም፤ መረብ ይበቃል። በሆላንድ ዋደን ባሕር፣ ቡርክዛንት በተባለው ቦታ ያሉ የሰጠሙ መርከቦች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሸፈኑት በፖሊፕሮፒሊን መረብ ነው፤ ለሕንፃ ግንባታ መወጣጫ የሚዘረጋው ዓይኑ ጠባብ መረብ ዓይነት። መረቡ ላይ ሲደርስ ውሃው ይዘገያል፣ የተሸከመውን አሸዋም በቀዳዳው አሳልፎ ከሥር ይጥላል። በዚህ መንገድ ቅርሱ ላይ ጉብታ ይሠራል።

ሥራው ሲከናወን በመጀመሪያ በስብርባሪው ላይ የተጠላለፈ የዓሣ ማስገሪያ መረብ ይነሣል፤ ሹል ጫፎች በአሸዋ ጆንያ ይደገፋሉ። መረቡ ጀልባ ላይ ተሰፍቶ በቧንቧ ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ፍሰቱ ከሚመጣበት በኩል ተጀምሮ ይዘረጋል። ዋናው ምስጢር ላላ ማድረግ ነው። ውሃው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ መወዛወዝ አለበት፤ ከተወጠረ ከሥሩ ለአሸዋው ቦታ የለም። ጠርዞቹ በሰንሰለት ወይም በጆንያ ተጭነው ይቀበራሉ፤ አንዱ መረብ በሌላው ላይ ሰፋ ብሎ ይደረባል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መረቡ አሸዋ ሳይሞላ አረምና ዛጎል ከለበሰው ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሥራውም ያቆማል። ስለዚህ የሚዘረጋበት ወቅት ይመረጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ጠላቂ ወርዶ ያየዋል። የላላ ጠርዝ በመልህቅ ወይም በማስገሪያ መረብ ከተያዘ ሽፋኑ ሁሉ አብሮ ይገፈፋል። ሁለተኛው ስሕተት ጠርዙን ቀጥ አድርጎ በድንጋይ ወይም በጆንያ መከመር ነው፦ ውሃው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ይሽከረከርና የጎኑን አሸዋ ይቦረቡራል፤ ያስቀመጡት መከላከያ ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉብታው ቀስ ብሎ ማዘቅዘቅ አለበት። ከተክል ቃጫ የተሠራ የጁት ጆንያም አይሆንም፤ ይበሰብሳል።

አሸዋ የማይጓጓዝበት የረጋ ውሃ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በካናዳ ላብራዶር፣ ሬድ ቤይ ላይ በ1565 የሰጠመው ሳን ሁዋን እንደሆነ የሚታመነው የባስኮች (በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩ ሕዝቦች) የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ከ1978 እስከ 1985 ተቆፈረ። ወደ 3,000 የሚጠጉ የእንጨት ክፍሎቹ ተፈትተው ወጡ፤ እያንዳንዱ ተለክቶና ተስሎ ተመልሶ ተቀበረ። በእንጨቶቹ ረድፎች መካከል አሸዋ ተደረገ፤ በላያቸው ወፍራም የጎማ ሸራ ተዘረጋ፤ ሸራው በኮንክሪት በተሞሉ የመኪና ጎማዎች ተጫነ። ከሸራው ሥር ያለው ውሃ ናሙናም ኦክስጅኑ መቀነሱን ለማረጋገጥ ይወሰድ ነበር። ይህ በእኛ ግምት እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ የተሟላው ነው፤ እውቀቱ በወረቀት ወጥቷል፣ እንጨቱም በቦታው አለ።

ለክትትሉ፣ በጉብታው ዙሪያ ዘንጎች ተተክለው ከወለሉ በላይ የሚቀረው ርዝመት በየጊዜው ይለካል። ቁጥሩ ካደገ አሸዋ እየሄደ ነው። አቅም ካለ በዓመት አንድ ጊዜ በመልቲቢም ሶናር (በድምፅ ሞገድ ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ) የወለሉ ካርታ ይነሣና ከባለፈው ጋር ይነጻጸራል። ከትልቅ ማዕበል በኋላ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ሂውስተን የነዳጅ ቧንቧ ዝገት መከላከል ላይ እሠራለሁ። እኛ የምንጠቀምበት የዚንክና የአሉሚኒየም አኖድ ለመድፍና ለመልህቅ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ መርሁም ያው ነው፦ አኖዱ በብረቱ ፈንታ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድናል። በምዕራብ አውስትራሊያ የዛንቶ የእንፋሎት መርከብ ሞተር በ1985 ከመውጣቱ በፊት ባሕር ውስጥ እንዳለ አኖድ ታስሮበት ነበር። ልዩነቱ የእርስዎ ቧንቧ ቀለም የተቀባና አዲስ መሆኑ ነው። መድፍ ግን በኖራና በዝገት ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኗል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ፈሳሽ አሲድነት ያለውና በክሎራይድ የተሞላ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ይህን ቅርፊት አለመስበር ነው፤ ሲሰበር ትኩስ ኦክስጅን ገብቶ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ለመለካት በአየር በሚሠራ መሰርሰሪያ እስከ ብረቱ ድረስ ጠባብ ቀዳዳ ይበሳል፤ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያው ወዲያው ይገባል፤ ቀጥሎ ከብር/ብር ክሎራይድ ማጣቀሻ (ለመለኪያው መነሻ ከሚሆን ኤሌክትሮድ) አንጻር ቮልቴጁ ይነበባል፤ ቀዳዳው በውሃ ውስጥ በሚደርቅ ኢፖክሲ ይደፈናል። አኖዱ ሲታሰር ንባቡ እየወረደ ይሄዳል። ለተራ ብረት ጥበቃው ደርሷል የሚባልበት −0.80 ቮልት መመሪያ እዚህም ይጠቅማል፤ በቅርፊት የተሸፈነ ብረት ግን ወደዚያ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው፣ ወራት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በማሰሪያው ነው፦ ብሎኑ ቅርፊቱን ብቻ ነክሶ ብረቱን ካልነካ አኖዱ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ከዓመት በኋላ ያልተበላ አኖድ ካዩ አይደሰቱ፣ ግንኙነቱን ይፈትሹ።

ሁለት ነገሮች ከቧንቧ ሥራ ይለያሉ። አኖድ የታሰረበት ብረት በገጹ ላይ አልካሊ ይፈጥራል፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ እንጨት ካለ አልካሊው ይጎዳዋል። ስለዚህ እንጨት ላይ የተተከለ ቦልት አኖድ አይታሰርበትም። ነሐስ ደግሞ ራሱን ከባሕር እንስሳት የሚከላከለው በሚለቀው መዳብ ነው፤ አኖድ ሲያደርጉለት ልቀቱ ይቆምና በጥቂት ጊዜ በዛጎል ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ኔፕልስ አጠገብ ባያ በምትባለው ከተማ ከሥሩ መስተዋት በሆነ ጀልባ የሮማውያንን ሞዛይክ አየሁ። ድንጋይ አይበሰብስ፤ የሚጠበቀው ከምንድን ነው?

መልስ፦ ድንጋይንም የሚበላ አለ። የባያ ቪላዎች የሰመጡት በእሳተ ገሞራው አካባቢ መሬቱ ቀስ በቀስ ስለወረደ ነው፤ ብዙው በጥቂት ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ክሊዮና የተባለ ስፖንጅ እብነ በረድን በደቃቅ ቀዳዳ ይሞላዋል፤ ሊቶፋጋ የተባለው ዛጎል ለባሽ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ይቦረቡራል። ሞዛይኩ ሲጀምር የሚፈታው ከጠርዙ ነው፤ አንድ ጠጠር ከወጣ ጎረቤቱ ድጋፍ ያጣል።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጣሊያን የጥገና ተቋም ባለሙያዎች የሚሠሩት ይህን ነው፦ አረሙን በእጅ መፋቂያና በብሩሽ ማንሳት፣ በውሃ ውስጥ የሚጠነክር ሞርታር ላይ ላዩን አቡክቶ በፕላስቲክ ከረጢት ማውረድ፣ ጠርዙን በማንኪያ መሙላት፣ በመጨረሻም በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ሸፍኖ አሸዋ መመለስ። ለጎብኚ የሚገለጠው የተወሰነ ክፍል ነው። የተገለጠው ቶሎ አረም ስለሚያወጣ ጽዳቱ ይደጋገማል። በዚያው በባያ፣ ፑንታ ኤፒታፊዮ በተባለው ቦታ የነበሩት ሐውልቶች ወደ ሙዚየም ተወስደው በቦታቸው ቅጂ ቆሟል፤ የማይተካ ቅርጽ ያለው ሐውልት እየተበላ ከማየት ይህ የተሻለ ውሳኔ ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ ከአክሱም ነው የምጽፈው። በአክሱም ዘመን የሰጠመ መርከብ በቀይ ባሕር ተገኝቷል?

መልስ፦ አዎ፣ በኤርትራ ዳህላክ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ብላክ አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት ዳር። በ1990ዎቹ የተጠናው ይህ ስፍራ የጫነው ሁለት እጀታ ያላቸውን የሸክላ እንስራዎች ነው፤ ዓይነቱ አይላ-አክሱም ይባላል። በዛሬዋ የዮርዳኖስ ወደብ አቃባ ይሠሩ የነበሩ እንስራዎች ሲሆኑ በአዱሊስም በአክሱምም ተገኝተዋል።

እንዲህ ባለ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር እንጨቱ ካልተቀበረ አይገኝም፤ የቀረው መረጃ እያንዳንዱ እንስራ የወደቀበት ቦታ ነው። የቱ በየቱ ላይ እንደነበር መርከቡ እንዴት እንደተጫነ ይናገራል። አንዱን ለማስታወሻ ያነሣ ሰው ያንን ይሰርዛል። ለእንዲህ ዓይነት ስፍራ ክሮኤሺያ የምትጠቀምበት ዘዴ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በእንስራው ክምር ላይ የብረት ፍርግርግ ጎጆ ይተከላል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር የሚመጣ ጠላቂ ያየዋል። ፍርግርጉ ራሱ እንዳይዝግ አኖድ ይታሰርበታል፣ በየጊዜውም ይጸዳል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ጨው የለውም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ እኛን ይመለከታል?

መልስ፦ የመርከብ ትል አያሰጋዎትም። ፈንገስና ባክቴሪያ ግን በጨው አልባ ውሃም አሉ። በሐይቅ ትልቁ ጠላት የውሃው መጠን ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። የጣናን ውሃ መጠን የጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል፤ በበጋ ዳርቻው ይገለጣል፣ ገበሬውም ይዘራበታል። ውሃ የጠጣ እንጨት ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል፤ እየራሰና እየደረቀ የሚከርም እንጨት ሁልጊዜ ከተዘፈቀው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይበላሻል። ማረሻ የሚያደርሰውም ጉዳት አለ። እምቦጭ ለማስወገድ ማሽን የሚያሰማሩ ሰዎችም መንጠቆው ወለሉን እንዳይቧጭር ጥልቀቱን ቀድመው ቢለኩ መልካም ነው።

በዳርቻ አሮጌ የተጠረበ እንጨት፣ ሸክላ ወይም የድንጋይ ግንብ ብቅ ካለ አይጎትቱ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ የጂፒኤስ ነጥቡን ይያዙ፣ በራሱ ጭቃ መልሰው ይሸፍኑና እርጥብ ጆንያ ይደርቡበት። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እሠራለሁ፣ በዕረፍቴ እጠልቃለሁ። በሰጠመ መርከብ ላይ ስጠልቅ ምን ልጠንቀቅ? ጓደኛዬ ደግሞ የእንስራ አንገት አንሥቶ ቤቱ አስቀምጧል።

መልስ፦ ጀልባችሁ ከመርከቡ ላይ መልህቅ አይጣል፤ ቋሚ ተንሳፋፊ ምልክት ካለ እርሱ ላይ ይታሰር፣ ከሌለ ራቅ ብሎ አሸዋ ላይ። ሚዛንዎን በደንብ ይጠብቁ፤ በክንፍ ጫማ የተነሣ ደለል የተቀበረውን ይገልጣል። ወደ መርከቡ ውስጥ አይግቡ፦ የሚተነፍሱት አየር ጣሪያ ሥር ተጠራቅሞ ብረቱ እንዲዝግ ያደርጋል። የዩኔስኮ ስምምነት የሚሸፍነው 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየውን ነው፤ ለአዲሶቹም ግን ጥንቃቄው ያው ነው። ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት በሰኔ 1940 ፖርት ሱዳን ላይ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያሰጠሙት ኡምብሪያ ብዙ ጠላቂ የሚጎበኘው መርከብ ነው፤ ቦምቦቹ ግን አሁንም ሆዱ ውስጥ አሉ። ምንም ነገር አይነኩም።

የጓደኛዎ እንስራ ገና ካልደረቀ የባሕር ውሃ በሞላ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ከደረቀ በውስጡ ያለው ጨው ክሪስታል እየሆነ ገጹን ልጥ ልጥ አድርጎ ያነሣዋል። በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፣ በአሲድ አይፋቁት። ጨውን ማውጣት ወራት የሚፈጅ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፦ ውሃው ደረጃ በደረጃ ወደ ንጹሕ ይለወጣል፣ የጨው መጠኑም በየጊዜው ይለካል። ያነሣበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ሳይረሳ ጽፎ፣ ባልዲውን ይዞ ያነሣበት አገር ቅርስ መሥሪያ ቤት ያስረክብ። በራሱ እጅ ወደ ባሕሩ መልሶ መጣል ግን አይገባም፤ አሁን የቀረው መረጃ እርሱ የሚያውቀው ቦታ ብቻ ነው።